የተዘጋው በር ምን ይመሰክራል?

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲገባ ጉዳዩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ለብዙ ዓመታት አጫጭር ልቦለዶችን ሲጽፉ ኖረዋል። በቅርቡ ሥራዎችዎን ሰብስበው ሲያነቡ ግን በብዙዎቹ ውስጥ አንድ ትዕይንት እየተመላለሰ እንደሚመጣ አስተዋሉ፤ አንዲት ልጅ በተዘጋ በር ፊት ቆማ ከውስጥ የሚሰማውን የአዋቂዎች ድምፅ ታዳምጣለች፤ መግባት ግን አትችልም። ይህንኑ የሥነ ልቦና መጻሕፍት አዘውትራ ለምታነብ ጓደኛዎ ሲነግሯት፣ «ይህ አእምሮሽ ያመቀው ትዝታ ነው፤ በልጅነትሽ የተፈጸመብሽ ነገር አለ፤ ባይኖር ኖሮ እየደጋገምሽ ባልጻፍሽው» አለችዎት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል፤ የአባትዎን ፎቶግራፍ በጥርጣሬ ማየት ጀምረዋል፤ መጻፍም አቁመዋል። የጠየቁኝም ጓደኛዎ ያለችው እውነት ሊሆን ይችል እንደሆነ፣ በሂፕኖሲስ፣ ማለትም ሰውን በንግግር ወደ ሰመመን በማስገባት፣ የተረሳ ትዝታ አወጣለሁ ወደሚል ሰው መሄድ ይገባዎት እንደሆነ፣ በመጨረሻም የጻፏቸውን ታሪኮች መጣል እንዳለብዎት ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ላስከትል። ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን፣ በልቦለድ ውስጥ የሚደጋገም ትዕይንት አይቶ በጸሐፊዋ ልጅነት ምን እንደተፈጸመ ሊያውቅ አይችልም። ትዕይንቱ በውስጥዎ ስላለ ብርቱ ስሜት ሊናገር ይችላል፤ የሚናገርም ይመስለኛል። ስለተፈጸመ ድርጊት ግን ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ወደ ሂፕኖሲሱ ሰው አይሂዱ፤ ከዚህ ትዕይንት ብቻ ተነሥተው አባትዎን አይክሰሱ፤ መጻፍዎንም ይቀጥሉ። ከዚህ በታች ያለውን ረዘም አድርጌ የምጽፈው፣ ምክንያቱ ካልተገለጠልዎት የእኔ ቃል ከጓደኛዎ ቃል የበለጠ ክብደት ሊኖረው ስለማይገባ ነው።

ጓደኛዎ የተንተራሰችበት ሐሳብ ተራ ወሬ አይደለም። የቪየና ሐኪሞች የነበሩት ሲግመንድ ፍሮይድና ዮሴፍ ብሮየር እ.ኤ.አ. በ1895 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስለ ሂስቴሪያ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዚህ ስም ይጠሩ የነበሩ፣ አካላዊ ምክንያት ያልተገኘላቸው ሕመሞች ታማሚዎቹ ከሐሳባቸው ካራቋቸው ገጠመኞች ጋር የተያያዙ ናቸው ብለው ጽፈው ነበር። ፍሮይድ በ1915 ስለ እመቃ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ሲያወጣ የነገሩን ፍሬ በአጭሩ አስቀምጦታል፤ እመቃ ማለት አንድን ነገር ከንቃተ ኅሊና መልሶ ማራቅ ነው፤ ይህም አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ሳይሆን ዘወትር ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1909 አሜሪካ በሚገኘው በክላርክ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ደግሞ ሐሳቡን ለአድማጮቹ በምሳሌ አስረድቶ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው በሳቅና በወሬ፣ እግሩንም ወለሉ ላይ እየጎተተ ቢረብሸን፣ ብርቱ ሰዎች ተነሥተው ያስወጡታል፤ ተመልሶ እንዳይገባም ወንበር አስጠግተው በሩን ይይዙታል፤ እርሱ ግን ውጭ ሆኖ በሩን እየደበደበ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ንግግሩን ከቀድሞው ይልቅ ያውካል አለ። ከዚያም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ስታንሊ ሆል ወጥተው ቢያነጋግሩትና በሥርዓት እንዲቀመጥ አስማምተው ቢያስገቡት ሰላም ይሆናል፤ የሐኪሙም ሥራ ይህን ይመስላል ሲል ንግግሩን ቀጠለ።

በዚህም ምሳሌ ውስጥ የተዘጋ በር እንዳለ ሳያስተውሉ አይቀሩም፤ ጓደኛዎም ምናልባት ይህን ወይም ይህን የመሰለ ነገር አንብባ ይሆናል። ሆኖም ያው ፍሮይድ ደጋግሞ ያስተማረው ሌላ ነገር አለ። በእርሱ አስተሳሰብ የታመቀ ነገር በገዛ መልኩ አይመለስም። ሲመለስ ቦታውን ለውጦ፣ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ፣ አንዳንዴም ተቃራኒውን መስሎ ነው፤ የሕልም፣ የአፍ ወለምታና የሕመም ምልክት ትርጉም አድካሚ ምርመራ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። የኅትመት ዓመቱ 1900 ተብሎ በተጻፈበት፣ ስለ ሕልም ፍቺ በሚናገረው መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱ ምስል የተወሰነ ፍቺ የሚሰጡትን የጥንት የሕልም መጻሕፍት ዘዴ አልተከተለም፤ ሕልሙን ያየው ሰው እያንዳንዱን ክፍል ሲያስብ በአእምሮው የሚመጣለትን ሁሉ እንዲናገር ነበር የሚጠይቀው። በኋላ በወጡት እትሞች ለብዙዎች የጋራ ስለሆኑ ምልክቶች ሰፊ ቦታ መስጠቱ እውነት ነው፤ ቢሆንም እነዚህን የሚያያቸው በረዳትነት ነበር። እንግዲህ በፍሮይድ መንገድ እንሂድ ብንል እንኳ፣ የበሩ ትዕይንት በርም ድምፅም ከሌለበት፣ ፈጽሞ ከማይገመት ነገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ጓደኛዎ ግን አንዲት ጥያቄ ሳታቀርብልዎት ፍቺውን ነገረችዎት። የጠቀሰችው ንድፈ ሐሳብ ራሱ ይህን አይፈቅድላትም።

ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ የሚቀርበው ግን አንድ ደብዳቤ ነው። ፍሮይድ በ1896 የሂስቴሪያ ሥር በልጅነት የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ነው የሚል ሐሳብ በይፋ አቅርቦ ነበር። በመስከረም 1897 ለወዳጁ ለዊልሄልም ፍሊስ ሲጽፍ ግን በዚህ ሐሳብ ማመኑን እንደተወ ገለጠለት፤ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱም፣ በድብቁ የአእምሮ ክፍል ውስጥ እውነተኛውን ነገር ለይቶ የሚያሳይ ምልክት አለመኖሩ፣ ስለዚህም የተፈጸመውን በስሜት ከተሞላ ልብ ወለድ መለየት አለመቻሉ ነው። ይህ አባባል ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ክብደቱን አላጣም። የድብቁን አእምሮ ነገር ከማንም በላይ የሚያምን ሰው፣ ከዚያ የሚወጣው ነገር ስለ ድርጊት እንደ ማስረጃ ሊቆም እንደማይችል የተናገረበት ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ፍሮይድ ከቀድሞ ሐሳቡ ማፈግፈጉ በኋላ ዘመን ብርቱ ወቀሳ አስከትሎበታል፤ ጥቃት በእውነት የደረሰባቸው ብዙ ሰዎች «ምኞታችሁ የፈጠረው ነው» ተብለው ሳይሰሙ የቀሩበት ጊዜ ነበረ። በልጅነቱ የደረሰበትን የሚያስታውስና የሚናገር ሰው መሰማት ይገባዋል፤ ለዓመታት ዝም ማለቱም ውሸታም አያሰኘውም። የእርስዎ ሁኔታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርስዎ ያስታወሱት ጥቃት የለም፤ በደብዳቤዎም ይህንኑ በግልጽ ጽፈዋል። ያለው ሌላ ሰው ከልቦለድዎ ያወጣው ግምት ነው። ሁለቱን እንድንለይ የምለምነው፣ ያለማስረጃ የሚነገር ግምት በመጨረሻ የሚጎዳው እውነተኞቹን ተጎጂዎች ጭምር ስለሆነ ነው።

ከፍሮይድ በኋላ የመጣው ምርምር ሐሳቡን ከፊሉን አጽንቶ ከፊሉን አናግቶታል። አእምሯችን እኛ ሳናውቀው ብዙ ሥራ እንደሚሠራ ዛሬ የሚጠራጠር የለም። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኤዱዋር ክላፓሬድ በ1911 የጻፈው ገጠመኝ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አዲስ ነገር መያዝ የተሳናትን አንዲት ታማሚ ሲጨብጣት በጣቶቹ መካከል በሸሸገው መርፌ ወጋት፤ በኋላ ድርጊቱን ጨርሶ ባታስታውስም እንደገና እጁን ሲዘረጋላት ግን እጇን ሰበሰበች። እዚህ ላይ ትምህርቱ ቀርቷል፤ ትዝታው የለም። ስሜትን ስለ ማራቅም እንዲሁ። በ1979 የታተመ አንድ ጥናት፣ «እኔ አልጨነቅም» የሚሉ ነገር ግን ራሳቸውን ከመጥፎ ስሜት አጥብቀው የሚከላከሉ ሰዎች፣ አስጨናቂ ነገር ሲቀርብላቸው የልብ ምታቸውና የሰውነታቸው ላብ ጭንቀታቸውን ከሚናገሩት ሰዎች እንኳ ልቆ እንደሚታይ አሳይቷል። ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹም በ1987፣ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የተነገራቸው ሰዎች ከሐሳቡ መራቅ እንዳቃታቸው፣ ክልከላው ሲነሣላቸውም ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ይልቅ ስለ ድቡ አብዝተው እንዳሰቡ አሳይተዋል።

እነዚህ ሁሉ የሚነግሩን ሰው ስሜቱን ሊያርቅ፣ ሊክድ፣ ሳያስብበት ሊኖር እንደሚችል ነው። ብዙ ጊዜ ሰዎች በአንድነት ይዘው የሚሄዱት ሌላው ሐሳብ ግን፣ አስፈሪ ድርጊት ሙሉ በሙሉ ከትዝታ ጠፍቶ፣ ሳይነካና ሳይለወጥ በጥልቅ ተቀምጦ፣ ከዓመታት በኋላ በባለሙያ እጅ እንዳለ ይወጣል የሚለው፣ በተመራማሪዎች ዘንድ ከፍተኛ ክርክር ያለበት ነው። ከባድ ሰቆቃ ያለፈባቸው ሰዎች በአመዛኙ የሚቸገሩት ባለማስታወስ አይደለም፤ ባልፈለጉት ሰዓት እየመጣ ከሚያስጨንቃቸው ትዝታ ጋር በመታገል ነው። አንድ ሰው ለዓመታት ሳያስበው የኖረውን ነገር አንድ ቀን አስቦ ሊደነግጥ እንደሚችል አልክድም፤ ያን ጊዜም ያላሰበው ከአቅሙ ውጭ ሆኖ ነው፣ ወይስ ሊያስበው ስላልፈለገ ነው፣ ወይስ ልጅ ሳለ ትርጉሙ ስላልገባው ነው የሚለው በየሰው መታየት አለበት።

የሂፕኖሲሱን ነገር በተመለከተ ግን ማመንታት አይገባዎትም። ትዝታ እንደ ተጻፈ ወረቀት በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቀን ነገር አይደለም፤ ባስታወስነው ቁጥር ከሰማነው፣ ካሰብነውና ከፈራነው ጋር እየተቀላቀለ እንደገና ይሠራል። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጃክሊን ፒክሬል በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ለ24 ሰዎች ከቤተሰቦቻቸው የተገኙ እውነተኛ የልጅነት ታሪኮችን፣ ከእነርሱም ጋር በገበያ አዳራሽ ጠፍተው ነበር የሚል ፈጽሞ ያልሆነ ታሪክ ጨምረው አቀረቡላቸው፤ በኋላ በተደረገው ቃለ መጠይቅ 6ቱ ያልሆነውን ታሪክ በሙሉ ወይም በከፊል እንደሚያስታውሱ ተናገሩ። መጥፋትን ማስታወስና ጥቃትን ማስታወስ አንድ አይደለም የሚሉ ተቺዎች ተነሥተዋል፤ ትክክል ናቸው፤ ይሁንና ጥናቱ ትዝታ በሌላ ሰው ቃል ሊተከል እንደሚችል ማሳየቱን ይህ አያስቀረውም። ሂፕኖሲስ ደግሞ ሰውየውን ለሌላ ሰው ቃል ይበልጥ የተጋለጠ ያደርገዋል። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በ1985 ባወጣው ሪፖርት፣ በሂፕኖሲስ የሚገኝ ትዝታ የፈጠራ ነገር ሊቀላቀልበት እንደሚችልና ያለ ሂፕኖሲስ ከሚገኘው የላቀ እምነት ሊጣልበት እንደማይገባ አስታውቋል። አደገኛው ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣው እርግጠኝነት ነው፤ ሰውየው ያየው ትክክል ባይሆንም እንደ ትክክለኛ ትዝታ ጠንክሮ ይይዘዋል። እርስዎ ወደዚያ ሰው የሚሄዱት የተዘጋ በር፣ የአዋቂ ድምፅና የአባት ጥርጣሬ ይዘው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ታየኝ» ቢሉ፣ ያዩት ነገር ከልጅነትዎ ይምጣ ወይም ከጓደኛዎ ቃል ማን ሊነግርዎት ይችላል?

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፍ ልመለስ፤ በደብዳቤዎ «ታዲያ የሥነ ጽሑፍ ሃያስያን ስለ ታመቀ ስሜት ይህን ያህል በእርግጠኝነት የሚጽፉት ለምንድን ነው?» ብለው መጠየቅዎ እጅግ ተገቢ ነውና። ከሼክስፒር ተውኔት ከ«ማክቤዝ» የተሻለ ማሳያ አላገኝም። ባልዋ ንጉሡን እንዲገድል የገፋፋችው እመቤት ማክቤዝ በሁለተኛው ገቢር፣ ንጉሡ በተገደለባት ሌሊት፣ ባልዋን እንዲህ ያለውን ድርጊት በዚህ መልክ ማሰብ ያሳብዳል ብላ ትገሥጸዋለች፤ በእጃቸው ላይ ያለውን ደም ጥቂት ውኃ ያነጻዋል ትላለች። በአምስተኛው ገቢር ግን ተኝታ እየሄደች፣ የማይለቅ እድፍ እንዳለባት ሁሉ እጇን ትፈትጋለች። ያንን ትዕይንት የሚያይ ተመልካች ትርጉሙን ለመረዳት ጥርጥር አይገጥመውም፤ ግድያው ሲታቀድ ሰምቷል፤ ደም የነካውን እጅም በሁለተኛው ገቢር አይቷል። ምክንያቱንም ውጤቱንም በቦታው ያስቀመጠው ደራሲው ነው። በመድረኩ ላይ የቆመው ሐኪም ግን ተመልካቹ ያየውን አላየም፤ ከፊቱ ያለው የምትፈትገው እጅና የተቆራረጠ ንግግር ብቻ ነው። ይህ ሕመም ከእኔ ሙያ በላይ ነው ይላል፤ የጠረጠረውንም ጠርጥሮ ለመናገር እንደማይደፍር ገልጦ ይሄዳል።

ሃያሲው እርግጠኛ ሊሆን የሚችለው በተመልካቹ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ነው። ስለ ገጸ ባሕርይ ሲጽፍ ምክንያቱ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ከሌለም ደራሲው ሆነ ብሎ አስቀርቶታል፤ ከገጹ ውጭ ሄዶ የሚፈልገው ሁለተኛ ገቢር የለም። ስለ ሕያው ሰው ስንናገር ግን ሁላችንም ያለነው በሐኪሙ ቦታ ነው። የጓደኛዎ ስሕተት እርስዎን እንደ ገጸ ባሕርይ ማንበቧ ነው፤ አምስተኛውን ገቢር አይታ ሁለተኛውን ከራሷ ጻፈችው።

ይህ ስሕተት ደግሞ ፍሮይድን ራሱን የፈተነ ነበር፤ ታሪኩ ለእርስዎ በቀጥታ ይጠቅማልና ትንሽ ልቆይበት። ጀርመናዊው ደራሲ ዊልሄልም የንሰን በ1903 «ግራዲቫ» የተባለች አጭር ልቦለድ አሳትሞ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኖርበርት ሃኖልድ የሚባል ወጣት የጥንት ቅርስ ተመራማሪ ነው፤ ስትራመድ በድንጋይ ላይ የተቀረጸች የአንዲት ሴት ምስል ልቡን ትወስደዋለች፤ ሴትዮዋ በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብራ በቀረችው ጥንታዊት ከተማ በፖምፔ የሞተች ናት ብሎ ያምናል፤ ሊፈልጋትም ወደዚያው ይሄዳል። እዚያ ያገኛት ሴት ግን በዘመኑ የምትኖር፣ በልጅነቱ አብራው የተጫወተች ጎረቤቱ ናት፤ ረስቷታል። እርሷም በትዕግሥት እያነጋገረች ወደ ትዝታው ትመልሰዋለች። ፍሮይድ በ1907 ስለዚህች ልቦለድ ሰፊ ጥናት ጻፈ፤ ደራስያን ለሥነ ልቦና እጅግ ዋጋ ያላቸው አጋሮች እንደሆኑ አመሰገነ፤ መቀበር ፖምፔን ከዓይን ሰውሮ ሳለ ያቆያት መሆኑንም ከእመቃ ጋር አስተያየው። እስከዚህ ድረስ የተናገረው ስለ ገጸ ባሕርይው ነውና ትንታኔው ዛሬም ሲነበብ ያስደንቃል።

ከዚያ በኋላ ግን ከገጸ ባሕርይው ወደ ደራሲው ተሻገረ። የንሰን የጻፋቸውን ሌሎች ታሪኮች ከዚህችኛዋ ጋር አስተያይቶ፣ ደራሲው በልጅነቱ አብዝቶ የሚወዳት እኅት ሳትኖረው አትቀርም ብሎ ገመተ፤ ጠየቀውም። የንሰን የመለሰለት እኅት እንዳልነበረችው ነው። «ቀዩ ጃንጥላ» የተባለው ሌላው ታሪኬ ግን፣ አለ፣ ከመጀመሪያ ፍቅሬ ትዝታ የተሠራ ነው፤ አብራኝ ያደገች ልጅ ነበረች፤ በ18 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተወዳጀኋትንም ሌላ ወጣት ሴት ሞት ወሰዳት። ይህን መልስ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ፍሮይድ በታሪኮቹ ሥር ያለውን ስሜት፣ ከልጅነት የተረፈ ፍቅርንና ናፍቆትን፣ አላጣውም። ድርጊቱን ሲገምት ግን ሳተ፤ ያልነበረች እኅት ፈጠረ፤ የሞተችውን ልጅ ግን አላገኛትም። የንሰን ደግሞ ምንም ያመቀው ነገር አልነበረም፤ ታሪኩ ከየት እንደመጣ በደንብ ያውቅ ነበር፤ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ወደ እርስዎ ደብዳቤ ስመለስ፣ ጓደኛዎ ያላነሣቻቸውን ሁለት ነገሮች አይቻለሁ። አንደኛው፣ በታሪኮችዎ ውስጥ ያለችው ልጅ እንደማትፈራ ጽፈዋል፤ የምታፍረው ለመግባት በመፈለጓ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ተጠቂ ልጅ ሊሰማት ይችላል ብለን የምንገምተው ሽብር በታሪኩ ውስጥ የለም፤ ያለው ከአዋቂዎች ዓለም ውጭ የመቅረትና «ምን ያወራሉ?» የማለት ስሜት ነው። ሁለተኛው፣ በደብዳቤዎ መካከል ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ፣ እናትዎ ለረጅም ጊዜ ታመው በተኙበት ወቅት ልጅ ስለነበሩ ወደ ክፍላቸው እንዳይገቡ ይከለከሉ እንደነበር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈዋል። የትዕይንቱ ምንጭ ይህ ነው አልልዎትም፤ እንዲህ ብል ጓደኛዎ ያደረገችውን እደግመዋለሁ፤ ምንጩ ያነበቡት መጽሐፍ፣ ወይም ታሪክ ለመጀመር የሚመች ዘዴ ሆኖ በእጅዎ የቀረ ልማድም ሊሆን ይችላል። የምለው ግን፣ የሚያስታውሱትን ሳይጠይቁ የማያስታውሱትን ለመፈለግ መሄድ መንገዱን መሳት ነው። እናትዎ ታመው ሳለ ምን እንደተሰማዎት ከማንም ጋር ተነጋግረው ያውቃሉ? በዚያ ወቅት አባትዎ እንዴት ነበሩ? ይህ ያለ ሂፕኖሲስ፣ በሙሉ ንቃት ሊታሰብ የሚችል ነገር ነው።

ለብቻዎ ለማሰብ ከከበደዎት የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይፈልጉ፤ እንዲያውም እንቅልፍ ማጣትዎ ለሳምንታት ከቀጠለ ይህን እንዳያዘገዩት እመክራለሁ። ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው በሚጠይቀው ነው። «ምን ተፈጽሞብሽ ይሆን?» ብሎ ከመገመት ይልቅ ዛሬ ምን እንደሚያስጨንቅዎት፣ ከምን እንደሚሸሹ፣ ምን ሲነሣ ወሬ እንደሚለውጡ ይጠይቃል፤ እርግጠኛ ካልሆኑበት ነገር ጋር ለጊዜው ለመቆየትም ይረዳዎታል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ምልክትዎን ሰምቶ የልጅነት ታሪክዎን የሚነግርዎት ሰው ቢያጋጥምዎት ግን አመስግነው ይውጡና ሌላ ይፈልጉ። አንድ ቀን ማንም ሳይገፋፋዎት ትዝታ ቢመጣልዎት ለመቀበልም ለመጣልም አይቸኩሉ፤ የመጣልዎትን እንደመጣ ጽፈው ያስቀምጡ፤ በዚያን ጊዜ በቤት ከነበሩ ሰዎች ወይም ከቆዩ ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች ጋር ሊመሳከር የሚችል ነገር እንዳለ ይመልከቱ፤ ለባለሙያውም ይንገሩት።

አባትዎን በተመለከተ ዛሬ ፍርድ መስጠት አይጠበቅብዎትም፤ ለመኮነንም ሆነ ነጻ ለማውጣት የቀረበ ክስ የለምና። ጥርጣሬው እንዲህ ያለ ቃል ገና የሰማ ሰው ሁሉ የሚሰማው ነው፤ እንደ ተገለጠ እውነት አይቁጠሩት። ስለ እናትዎ ሕመም ሊጠይቋቸው ከፈለጉ ግን ይጠይቋቸው፤ ይህ የማንም ልጅ ጥያቄ ነው። ለጓደኛዎም ያለ ቁጣ ይንገሯት፤ በክፋት እንዳላለችው ከደብዳቤዎ ይታያል። ንግግሯ እንቅልፍ እንደነሣዎት፣ ከእንግዲህ ታሪኮችዎን ስታነብ ስለ ልጅቷ እንጂ ስለ እርስዎ እንዳትተረጉም ቢነግሯት መልካም ነው።

ታሪኮቹን ይጣሏቸው ወይ ለሚለው፣ አይጣሏቸው። ማንንም አይከሱምና ለማሳተምም የሚከለክልዎት ነገር አይታየኝም። ሲጽፉ የራስዎን ስሜት በቀጥታ ማየት ከፈለጉ ግን ለዚያ ከልቦለዱ የተለየ ማስታወሻ ይያዙ። ጄምስ ፔንቤከርና ባልደረባው በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ለአራት ቀናት በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው፣ የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር፤ እንዲህ የጻፉት በመጀመሪያ ቢከፋቸውም በተከታዮቹ ወራት ወደ ጤና ማእከል የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ጥቅሙ መጠነኛ እንደሆነ ያሳያሉ፤ ስለዚህ መድኃኒት ነው ብዬ አልሰጥዎትም። በማስታወሻው ስለ እናትዎ የሕመም ጊዜ የሚያስታውሱትን፣ የሚያስታውሱትን ብቻ፣ ይጻፉ፤ ሲከብድዎት ያቁሙ። ልቦለዱን ደግሞ በልቦለድ ሕግ ይምሩት፤ በጅምር የተዉት ታሪክ አለኝ ብለዋል፤ በእርሱ ውስጥ ያለችው ልጅ ለመግባት መፈለጓ የሚያሳፍራት ለምን እንደሆነ አንባቢው ገና አልተነገረውም፤ ቀጣዩን ገጽ ከዚያ ቢጀምሩት ይሻላል እላለሁ።